ስለ ዊልያም ማርሻል ቤተሰብና ዘር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ተመሳሳይ ስሞች ስለሚበዙ ሲደናገሩ ወደ ላይ መለስ ብሎ ማየት ነውር የለውም።

ዊልያም ማርሻል ማን ነበር?

በ1146 ወይም በ1147 ገደማ ተወልዶ ሜይ 14 ቀን 1219 የሞተ እንግሊዛዊ ባላባት ነው። ለአባቱ አራተኛ ወንድ ልጅ በመሆኑ ከርስት የሚደርሰው አንድ ጋሻ መሬት እንኳ አልነበረም። ኑሮውን የጀመረው ከአገር አገር እየዞረ በፈረሰኞች ግጥሚያ ተጋጣሚዎቹን እየማረከ፣ ፈረሳቸውንና የማስለቀቂያ ገንዘባቸውን እየወሰደ ነው። ሊሞት ሲል አምስት መቶ ፈረሰኛ መማረኩን ተናግሯል።

ለሄንሪ 2ኛ፣ ለሪቻርድ 1ኛ እና ለጆን አገልግሎ የፔምብሮክ ኧርል ሆነ። ኧርል ከንጉሡ ቀጥሎ ከሚቆሙት ታላላቅ ባለርስቶች የአንዱ ማዕረግ ነው። በ1216 ጆን ሲሞት አልጋ ወራሹ ሄንሪ 3ኛ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ከአገሪቱም ብዙው ክፍል በፈረንሳዩ ልዑል በሉዊ እጅ ወድቋል። ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋው ማርሻል እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሊንከን ከተማ ላይ ጦሩን ራሱ እየመራ ወደ ውጊያው ሊገባ ሲል የራስ ቁሩን ማጥለቅ ረስቶ ያስታወሰው አንድ አሽከሩ ነው ይባላል።

«ማርሻል» ስም ነው ወይስ ሹመት?

መጀመሪያ ሹመት ነበር። ቃሉ «ፈረስ» እና «አገልጋይ» ከሚሉ ሁለት የጥንት ጀርመንኛ ቃላት የተሠራ ነው፤ በእኛ ቤተ መንግሥት «ባልደራስ» ይባል የነበረውን ሹመት ማሰብ ይቻላል። የዊልያም አያት ጊልበርት ይህን ሥራ በንጉሡ ቤት ይዞ ነበር፤ አባቱ ጆንም ወረሰው። አባቱ በሰነዶች ላይ «ጆን ፊትዝጊልበርት» ይባላል፤ ትርጉሙ የጊልበርት ልጅ ጆን ማለት ነው። በአባት ስም ለምንጠራ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ሹመቱ በዚያው ቤት ሲቆይ ወደ ቤተሰብ ስምነት ተለወጠ። ዊልያም ራሱ ሹመቱን የወረሰው ታላቅ ወንድሙ ጆን በ1194 ሲሞት ነው፤ «ማርሻል» ተብሎ መጠራት የጀመረው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው።

ወላጆቹ እነማን ናቸው? አባቱ በእርግጥ «ልጄን ግደሉት» ብሎ ነበር?

እናቱ ሲቢል የሳልዝበሪው ኧርል የፓትሪክ እህት ናት፤ አባቱ ጆን ደግሞ አንድ ዐይኑን በጦርነት ያጣ ጨካኝ ሰው። በ1141 በተቃጠለ የገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተደብቆ ሳለ ከጣራው የቀለጠ እርሳስ ፊቱ ላይ ጠብ ብሎበታል።

በ1152 ንጉሥ ስቲቨን የጆንን የኒውበሪ ምሽግ ከበበ። ጆን እጁን ለመስጠት ጊዜ ጠይቆ አምስት ዓመት ገደማ የሆነውን ዊልያምን መያዣ አድርጎ ሰጠ፤ ወዲያው ግን ምሽጉን በስንቅና በሰው አጠናከረ። «ልጅህን እንሰቅለዋለን» ሲባል የመለሰው መልስ ሲወራ የሚኖር ነው፤ ከእሱ የተሻሉ ልጆች የሚቀጠቅጥበት መዶሻውና መስፉ በእጁ እንዳለ ነገራቸው። እንግዲህ «ግደሉት» ባይልም «አትግደሉት» አላለም። ስቲቨን ልጁን ማሰቀል አልሆነለትም። እንዲያውም አንድ ቀን በድንኳኑ ውስጥ ከሣር መካከል ዘንግ ያላቸውን ቅጠሎች ለቅመው፣ «ፈረሰኞች» ብለው እያጋጩ ንጉሡና እስረኛው ሲጫወቱ ታይተዋል። ታሪኩን የነገረን የዊልያምን ሕይወት በግጥም የጻፈው ሰው ነው፤ ስለ እሱ ታማኝነት ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ሚስቱ ማን ነበረች? ሀብቱ የእሱ ነው ወይስ የእሷ?

አብዛኛው የእሷ ነው። ኢዛቤል ደ ክሌር አባቷ «ብርቱ ቀስት» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሪቻርድ ደ ክሌር፣ እናቷ የአየርላንዱ የሌንስተር ንጉሥ ልጅ ኢፋ ናት። አባቷ በ1176 ሞተ፤ ወንድሟም በልጅነቱ ተከተለው። ስለዚህ በዌልስ ድንበር ቼፕስቶን፣ በአየርላንድ ሌንስተርን፣ በኖርማንዲም መሬት የምትወርስ እሷ ብቻ ቀረች። እንዲህ ያለች ወላጅ አልባ ወራሽ በንጉሡ ሞግዚትነት ሥር ትሆናለች፤ ለማን እንደምትዳርም የሚወስነው ንጉሡ ነው።

ሄንሪ 2ኛ ሊሞት ሲል ለማርሻል ቃል ገባለት፤ ሪቻርድ 1ኛ ቃሉን አጸና። ልብ በሉ፤ ይህ ሪቻርድ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአባቱ ላይ ሸፍቶ ሲያሳድደው ማርሻል ፈረሱን በጦር ወግቶ የገደለበት ሰው ነው። ሰርጉ በ1189 ለንደን ውስጥ ሆነ። ሙሽራው አርባ ሁለት ገደማ፣ ሙሽሪት አሥራ ሰባት ገደማ ነበሩ። የፔምብሮክ ኧርልነት የተጨመረው በ1199 ጆን ሲነግሥ ነው።

ስንት ልጆች ወለዱ?

አሥር፤ አምስት ወንድና አምስት ሴት። ወንዶቹ ዊልያም፣ ሪቻርድ፣ ጊልበርት፣ ዋልተርና አንሰልም ናቸው። ሴቶቹ ሞድ፣ ኢዛቤል፣ ሲቢል፣ ኢቫና ጆአን ይባላሉ። በዚያ ዘመን አሥሩም አድገው ለወግ ለማዕረግ መብቃታቸው ራሱ የሚያስገርም ነው፤ ቤቱ ይጠፋል ብሎ በ1219 የሚገምት ሰው አልነበረም።

አባትና ልጅ በማግና ካርታ ጊዜ በተለያየ ጎራ ነበሩ?

አዎ። ማግና ካርታ ባላባቶቹ የንጉሡን ሥልጣን ለመገደብ ጆንን ያስቀበሉት ቻርተር፣ ማለት የመብት ሰነድ ነው። በ1215 አባትዬው ከንጉሥ ጆን ጎን ሲቆም፣ የበኩር ልጁ ዊልያም ቻርተሩን እንዲያስከብሩ ከተመረጡት 25 ባላባቶች አንዱ ነበር። ልጁ በጆን ላይ ቂም ቢይዝ አይፈረድበትም፤ እሱም ወንድሙ ሪቻርድም በጆን ቤት መያዣ ሆነው ዓመታት ቆይተዋል። አንዳንዶች ቤተሰቡ ሆን ብሎ በሁለቱም በኩል እግር አስገብቷል ይላሉ። ይህ ይሁን አይሁን፣ ልጁ በ1217 ወደ ንጉሡ ጎራ ተመልሶ ሊንከን ላይ ከአባቱ ጋር ተዋግቷል።

ሲሞት ለልጆቹ ምን ተናዘዘ?

ትልቁ ርስት ለበኩር ልጁ፣ የኖርማንዲው ለሪቻርድ ተባለ፤ ጊልበርት ወደ ክህነት ተመድቦ ነበር። ታናሹን አንሰልምን ግን ባዶውን ሊተወው አስቦ ነበር፤ እኔ እንደኖርኩት እሱም ዞሮ የሚወደው ጌታ ይፈልግ በሚል። የቀድሞ አሽከሩና ወዳጁ ጆን ኦቭ ኧርሊ ለልጁ ሲለምንለት በዓመት 140 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ሰጠው። ካልተዳረችው ልጁ ከጆአን በላይ የሚያሳስበው ነገር እንደሌለ ተናግሮ ለእሷም መሬትና 200 ማርክ ብር ጨመረ።

ከሁሉ የሚቀርበኝ ግን ገንዘብ የሌለበት አንድ ቀን ነው። ካቨርሻም በሚገኘው ቤቱ ተኝቶ ሳለ ሽማግሌው ዘፈን አማረው። ራሱ ቢዘፍን አእምሮው የተነካ እንዳይመስል ፈራ። ሴቶች ልጆቹ ተጠሩ። ታላቋ ሞድ በኀዘን ሆና አንድ አንጓ በጣፋጭ ድምፅ ዘፈነች። ቀጥላ ጆአን አንገቷን ደፍታ ጀመረች፤ ስትዘፍኚ አትፈሪ፣ እንደሱ አይባልም ብሎ ቃሉንና ዜማውን እንዴት እንደምትል አሳያት። በእነዚያው ቀናት አንድ ጸሐፊው ግምጃ ቤት ያለው ባለፀጉር ልብስ ተሸጦ ለነፍሱ ይመጽወት ቢለው ተቆጣ፤ በዓለ ኀምሳ ደርሷልና ፈረሰኞቼ ልብሳቸው ይገባቸዋል አለ።

አምስቱ ወንዶች ልጆች እንዴት አለቁ?

በተወለዱበት ተራ፣ አንዱ ሲሞት ማዕረጉን ለቀጣዩ እያወረሰ። ከመካከላቸው በሕጋዊ ጋብቻ ወራሽ የተወ የለም። ዊልያም በ1231 ሞተ፤ ያገባት የንጉሡ እህት ኤሊነር በ1224 ስትዳር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረችና ባሏ ሲሞት ገና አሥራ ስድስት ገደማ ናት። ሪቻርድ በሄንሪ 3ኛ ላይ ሸፍቶ ኤፕሪል 1 ቀን 1234 በኪልዴር ሜዳ ቆሰለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኪልኬኒ ውስጥ ሞተ።

ጊልበርት ክህነቱን ትቶ ኧርል ሆነ፤ የስኮትላንድን ንጉሥ ልጅም አገባ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ስለነበር ፈረሰኛነቱን ማሳየት ሳያምረው አልቀረም። በጁን 1241 በኸርትፈርድ አጠገብ፣ ንጉሡ በከለከለው ግጥሚያ ላይ ልጓሙ ተበጥሶ ከፈረሱ ወደቀ፤ እግሩ በእርካቡ ተይዞ ፈረሱ ጎተተው። አባቱ ስሙንና ሀብቱን ባገኘበት ጨዋታ ልጁ ሞተ። ዋልተርም እዚያው ግጥሚያ ላይ ስለነበር ንጉሡ ተቆጥቶ ርስቱን ሳይሰጠው አቆየው፤ በኖቬምበር 1245 ጉድሪች ምሽግ ውስጥ አረፈ። አንሰልም፣ ያ 140 ፓውንድ የተለመነለት ታናሹ፣ ወንድሙን ከተካ አንድ ወር ሳይሞላው በዲሴምበር ተከተለው። እሱም እንደ ወንድሞቹ ሕጋዊ ወራሽ ሳይተው ሄደ።

የጳጳሱ እርግማን ታሪክ እውነት ነው?

ታሪኩን የጻፈው የሴንት ኦልባንስ መነኩሴ ማቲው ፓሪስ ነው። እንደ እሱ አባባል ማርሻል አየርላንድ ውስጥ የፈርንስ ጳጳስ የሆነውን የኦልቢንን ሁለት ርስቶች ወሰደ፤ ጳጳሱም አወገዘው። ማርሻል ከሞተ በኋላ ጳጳሱ ወደ ለንደን መጥቶ በመቃብሩ ፊት ቆመና መሬቱ ቢመለስ እንደሚፈታው ተናገረ። ልጆቹ እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ከዳዊት ጠቅሶ ስሙ በአንድ ትውልድ እንዲደመሰስ ረገመ። ዳዊት የሚደግም አንባቢ ቃሉን በመዝሙር 108 ያገኘዋል፤ በሌላው አቆጣጠር 109 ነው።

የመሬት ክርክሩና ውግዘቱ ነበሩ። የእርግማኑ ቃል ግን የተጻፈው ወንዶቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ትንቢት ደግሞ አይስትም። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ሌላ ነገር ነው፤ እርግማኑ እንደተባለው ቢሆን እንኳ የያዘው ስሙን ብቻ ነው። ዘሩን አልነካም፤ ምክንያቱም አምስት ሴቶች ልጆች ነበሩ።

ርስቱ ለምን ለታላቋ ሴት ልጅ ብቻ አልተሰጠም?

በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ወንዶች ልጆች ካሉ በኩሩ ሁሉን ይወርሳል። ወንድ ከሌለ ግን ሴቶቹ እኩል ይካፈላሉ፤ ታላቅነት ብዙ ጥቅም የለውም። ወንድና ሴት በአንድነት ከሚቆጠሩበት ከሰሜን ኢትዮጵያው ርስት ጋር እንዳይምታታ፤ እዚህ ሴቶቹ የሚደርሳቸው ወንዶቹ ካለቁ ብቻ ነው። ርስቱ ሲካፈል ከአምስቱ እህቶች በሕይወት የነበረችው ሞድ ብቻ ናት፤ የሌሎቹን ድርሻ ልጆቻቸው ወሰዱ።

በ1247 ሌንስተር አምስት ቦታ ተቆረሰ። ካርሎ ለሞድ፣ ኪልኬኒ ለኢዛቤል፣ ኪልዴር ለሲቢል፣ ደናመስ ለኢቫ፣ ዌክስፈርድ ለጆአን ወገን ደረሰ። በዌልስ በኩል ቼፕስቶ ወደ ሞድ፣ ፔምብሮክ ወደ ጆአን ልጅ ሄደ። ክፍፍሉ በዚህ አላበቃም። ሲቢል ለደርቢው ኧርል ለዊልያም ደ ፌረርስ ሰባት ሴቶች ወልዳ ወንድ አልነበራትም፤ ድርሻዋ ለሰባት ሲካፈል ለእያንዳንዷ ከጠቅላላው ርስት አንድ ሠላሳ አምስተኛ ደረሳት። ማርሻል ሠላሳ ዓመት የሰበሰበውን ሕጉ በአንድ ክረምት በተነው።

የኢቫ ባል ለምን ተሰቀለ?

ዊልያም ደ ብሪዮዝ የዌልስ ድንበር ጌታ ነበር። የዌልሱ ልዑል ታላቁ ሉዌሊን ማርኮት ነበርና በእስር ሳለ ተወዳጁ፤ የዊልያም ልጅ ኢዛቤላ የሉዌሊንን ልጅ ዳቪድን እንድታገባም ተስማሙ። በ1230 ግን ዊልያም በሉዌሊን ቤት ከልዑሉ ሚስት ከንጉሥ ጆን ልጅ ከጆአን ጋር መኝታ ክፍል ውስጥ ተያዘ። ሉዌሊን በሜይ ወር በአደባባይ አሰቀለው።

የሚያስደንቀው የቀጠለው ነው። ሉዌሊን ለመበለቲቱ ለኢቫ ደብዳቤ ጻፈላት፤ የልጆቹ ጋብቻ እንደታሰበው ይቀጥል ወይ ብሎ። ለወንድሟ ለኧርሉም ጻፈ። ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ ጋብቻውም ተፈጸመ። ኢዛቤላ ልጅ አልወለደችም፤ የኢቫን ድርሻ ሦስቱ እህቶቿ ሞድ፣ ኢቫና ኤሊነር ወረሱ። ከእነዚህ ከሦስቱ የሚመጣውን ቀጥሎ ይመልከቱ።

የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ የማርሻል ዘር ነው?

ነው። የማርሻል ልጅ ኢዛቤል ከግሎስተሩ ኧርል ከጊልበርት ደ ክሌር ኢዛቤል የምትባል ልጅ ወለደች፤ ያች ኢዛቤል የብሩስ አያት ናት። ስለዚህ ማርሻል ለብሩስ ምንዥላቱ ነው።

በጁን 1314 በባኖክበርን የተሰለፉትን ማየት በቂ ነው። በስኮትላንድ በኩል ብሩስ። በእንግሊዝ በኩል በፍልሚያው የወደቀው የሃያ ሦስት ዓመቱ የግሎስተር ኧርል፤ አያቱ ሪቻርድ የብሩስ አያት ወንድም ነው። የንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛን ልጓም ይዞ ከሜዳው ያወጣው የፔምብሮክ ኧርል ኤመር ደ ቫለንስ የጆአን ማርሻል የልጅ ልጅ ነው። ሸሽቶ የተማረከው የኸርፈርድ ኧርል ሃምፍሪ ደ ቦሁን ደግሞ ከኢቫ ልጅ ከኤሊነር ይወርዳል፤ እሱ ተለቆ ብሩስ ሚስቱን አስፈታበት። የግሎስተርን አስከሬን ብሩስ በክብር አስጠብቆ ያለ ማስለቀቂያ መለሰው። ከአንድ ማርሻል የወረዱ ሰዎች ናቸው ሲጋደሉ የዋሉት።

አሁን ያለው የእንግሊዝ ንጉሥስ?

ቻርልስ 3ኛም ይወርዳል፤ መንገዱ ከአንድ በላይ ነው፤ ግልጹ በኢቫ በኩል የሚያልፈው ነው። የኢቫ ልጅ ሞድ ሮጀር ሞርቲመርን አገባች። የልጅ ልጃቸው ሮጀር በ1327 ኤድዋርድ 2ኛን ከዙፋን ያወረደውና በ1330 የተሰቀለው የማርች ኧርል ነው። ከእሱ ዘር አን ሞርቲመር የዮርኩን መስፍን ሪቻርድን ወለደች፤ ሪቻርድ ኤድዋርድ 4ኛን፣ ኤድዋርድ የዮርኳን ኤልሳቤጥን። ኤልሳቤጥ የሄንሪ 8ኛ እናት ናት፤ የልጇ የማርጋሬት ዘር ደግሞ በስኮትላንድ ነገሥታት በኩል ተሻግሮ እስካሁኑ ዙፋን ይደርሳል። የወንድ ሐረግ ብቻ ለሚቆጥር ሰው የማርሻል ቤት በ1245 ተዘግቷል፤ ይህ ሁሉ የመጣው በሴቶች ነው።

ዛሬ «ኧርል ማርሻል» የሚባለው የኖርፎክ መስፍን የዊልያም ወራሽ ነው?

በሹመቱ መንገድ አይደለም። በ1246 ሄንሪ 3ኛ የማርሻልነቱን በትር ለሞድ ሰጠ፤ ከእሷ ወደ ልጇ ወደ ኖርፎኩ ኧርል ሮጀር ቢጎድ አለፈ። የቢጎድ ቤት በ1306 ያለ ወራሽ ሲያልቅ ሹመቱ ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ተሰጥቷል፤ በ1672 ለሃዋርድ ቤተሰብ በዘር እንዲወርድ ተደረገ። የፈረስ ጠባቂው ሥራ ግን በሌላ መልክ አለ፤ የንግሥት ኤልሳቤጥን ቀብርና በ2023 የቻርልስን ዘውድ መጫን ያሰናዳው ይኸው ባለሹመት ነው።

የቤተሰብ ስሙ ማርሻል የሆነ ሰው ዘሩ ሊሆን ይችላል?

በስሙ ምክንያት አይደለም። ፈረስ የሚያክምና ጫማ የሚያደርግ ባለሙያም ማርሻል ይባል ስለነበር ስሙ በየመንደሩ ተነሥቷል። የዊልያም ሕጋዊ የወንድ ሐረግ ደግሞ ከአንሰልም ጋር አብቅቷል። ዘሩ የሆነ ሰው ሊጠራ የሚችለው ሞርቲመር፣ ቦሁን ወይም ጨርሶ ሌላ ተብሎ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ የምናነበው ምን ያህል ይታመናል?

ስለ ርስት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት ቀን የንጉሡ መዝገቦች አሉ፤ እነሱ ላይ መደገፍ ይቻላል። ቅጠሎቹ፣ መዶሻና መስፉ፣ የሴቶች ልጆቹ ዘፈን ግን የመጡት 19,214 ስንኝ ካለው የፈረንሳይኛ ግጥም ነው። ያስጻፈው የበኩር ልጁ ዊልያም ነው፤ ወጪውን የከፈለ ልጅ አባቱን እንዲያሳጡበት አይፈልግም። ስለ ሽንፈትና ስለ ጥርጣሬ ግጥሙ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች አሉ፤ በጆን ዘመን ስለነበረው ነገር በተለይ በጥንቃቄ ይነበብ። የሞቱን አልጋ ክፍል ግን እኔ አምነዋለሁ፤ ጆን ኦቭ ኧርሊ እዚያው ነበርና ለገጣሚው የነገረው እሱ ነው፤ አባትን ለማሞገስ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ልጄን ባዶውን ልተወው የሚለውን አይፈጥርም።

ግጥሙ የተረፈው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። ፖል ሜየር የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር በ1861 ለንደን ውስጥ በሐራጅ ሲሸጥ አየውና ገዥው ወስዶ ደበቀበት። ሃያ ዓመት ሲያስስ ቆይቶ በ1881 በቼልትንሃም በአንድ ሟች ሰብሳቢ ቤት አገኘው። አሁን ኒው ዮርክ ውስጥ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።